የደብሬ ቁምጣ ብጣሽ

ወረታ ላይ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ጥርስ ሰባሪ ልብስ ሰፊ ግን አንድ ይሁኔ ብቻ ነበር። ያውም የሰበረው የገዛ ወገኑን ጥርስ ነው። በአንድ የገና ዕለት፣ ሩዝ ታጭዶ በተነሳበት ሜዳ ላይ፣ ከተማና ገጠር ሆነው ሲጫወቱ፣ ይሁኔ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ወደ እሩሯ ሰነዘረ። እሩሯ፣ ከጠፍር የተጎነጎነችው ኳስ፣ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ሄደች። ዱላው ግን ባዶውን አልተመለሰም፤ አጠገቡ የቆመውን የፎቶ አንሺውን የአማንን የፊት ጥርስ ይዞ መጣ። አማን ደሙን እየተፋ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ። ሰውዬው ሙስሊም ነው፤ በዓሉ የሱ አልነበረም፤ ጥርሱ ግን የሱ ነበር። እንዲያም ሆኖ አልተቆጣም።

የተቆጣው ሌላው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ይሁኔ ዱላ ካነሳ ሜዳው ይበተናል፤ ወገንም ባላጋራም አፉን በእጁ ሸፍኖ ይሸሻል። በዓመቱ ከተሜዎቹ አናሰልፍህም አሉትና ዳር ተቀምጦ የተጫዋቾች ጋቢ ጠባቂ ሆነ። ጥርሷን ግን ከገለባው ውስጥ ፈልጎ አንስቷታል። ልብስ ሰፊ የወደቀ ነገር አይቶ አያልፍም፤ ቁልፍ ይሁን ጥርስ፣ አንድ ቀን ሥራ አያጣም ብሎ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥለዋል።

የጥርሷ ቀን የመጣው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ክረምቱ የፎገራን ሜዳ እንደ ልማዱ ውሃ አልብሶት፣ ገበያተኛው ከየመንደሩ መውጣት አቅቶት፣ ይሁኔ ሥራ ፈትቶ የሰልባጅ ቦንዳ ይበረብር ነበር። ከስፌቱ ጎን አሮጌ ልብስም ይሸጣል። አዲስ ቦንዳ ሲፈታ መጀመሪያ የሚያየው ኪስ ነው። የሰልባጅ ኪስ የማያስገኘው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ከነማሸጊያው ብስኩት አግኝቶ፣ ከአማን ጋር ተካፍለው ከበሉት በኋላ፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ማህደር ጽሑፉን አንብባ የውሻ መሆኑን ነግራቸዋለች። አማን እስከ ዛሬ ድረስ «ጣዕሙ ግን ደህና ነበር» ይላል።

በዚያ ቀን ከአንድ ግራጫ ኮት ደረት ኪስ የወጣው ብስኩት አልነበረም። ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ካርድ ነው። ላዩ ላይ አንድ ፈረንጅ ዱላ ተሸክሞ ቆሟል። ከፈረንጁ ጎን ደግሞ ካርዱ እንደ መስኮት ተበስቶ፣ በመስኮቱ ውስጥ ጥፍር የምታክል ነጭ ጨርቅ ተቀብራለች። ይሁኔ በጣቱ ዳበሳት። ጥጥ ናት።

ካርዱን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ አማን ፎቶ ቤት ገባ። ማህደር የተማሪ መታወቂያ ልታሳሽግ መጥታ እዚያው ነበረች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከዘመዶቿ ይልቅ እነዚህ ሁለት ጎረምሶች ያስቋታል።

«ዱላ ይዟል» አለ አማን፣ ካርዱን ወደ ብርሃን አዙሮ። «ፈረንጅም ገና ይጫወታል ማለት ነው?»

«ሌላ ጨዋታ ነው» አለች ማህደር። «ኳሱ ይወረወርላቸውና በአየር ላይ ይመቱታል።»

አማን በጎደለው ጥርሱ በኩል ፈገግ ብሎ ይሁኔን አየው። «በአየር ላይ ነው? አንተ እኮ አገር ተሳስተህ ነው የተወለድከው።»

ማህደር የጀርባውን ጽሑፍ አነበበችላቸው። ጨርቋ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ከለበሰው ሸሚዝ የተቆረጠች ናት፤ እውነተኛ ለመሆኗም እናረጋግጣለን ይላል። ሰዎች እንዲህ ያለውን ካርድ እያደኑ ይሰበስባሉ አለቻቸው፤ የሸሚዝ ብቻ ሳይሆን የዱላ ስንጣሪ፣ አንዳንዴም የሰው ጸጉር ያለበት አለ።

ይሁኔ መጀመሪያ በሙያው ተናደደ። «ደህናውን ሸሚዝ? መቀስ አስገብተው?» ከዚያ ግን ያቺ ቆርቆሮ ትዝ አለችው።

የመጀመሪያው የወረታ ካርድ በዚያው ሳምንት ተሠራ። የአማን ፎቶ ነው፤ ከጎኑ ጥርሱ። ነገር ግን የአማን ላሚኔሽን ማሽን የቀበሌ መታወቂያ ሊያሽግ እንጂ መንጋጋ ሊውጥ አልተፈጠረምና ጥርሷ መሃል ላይ ቀርቅራ ያዘችው። ይሁኔ አወጣትና በሞረድ ይሞርዳት ጀመር።

«አንዴ ሰበርከኝ» አለ አማን፣ «አሁን ደግሞ ልትፈጨኝ ነው?»

ጥርሷ እንደ ጥፍር ስትሳሳ ማሽኑ ዋጣት። ካርዱ ትኩሱን ወጣ። ሁለቱም እየተቀባበሉ አዩት። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ሱስ እንዲህ ነው የሚጀምረው። መስከረም ሲጠባ ይሁኔ የገና ተጫዋች ያለበትን ቤት ሁሉ ያንኳኳ ነበር። የአንዱን ዱላ ስንጣሪ፣ የአንዱን ግንባር ያሰሩበትን የነጠላ ክር፣ ከሌላው ተረከዝ የተነቀለ እሾህ ሰበሰበ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ነገሩ ገና ሜዳ ላይ የዋለ መሆን አለበት። አንዱ ፎቶው እንዲወጣለት ብሎ የበቅሎውን ጭራ ጸጉር ይዞ ቢመጣ፣ ይሁኔ «በቅሎህ አልተጫወተችም» ብሎ መለሰው። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ላይ ደግሞ፣ ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት የለመደውን የግዕዝ ቁጥር፣ ከማህደር በለመነው የፈተና ማረሚያ ቀይ እስክሪብቶ ይጽፍበታል። ይኼን ቀይ እስክሪብቶ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ መዘዝ ያመጣል።

ከሁሉም በላይ የሚመኘውን ግን አላገኘም። ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሜዳው ላይ የሚኖር ደብሬ የሚባል ገበሬ አለ። ፎገራ ላይ የደብሬን ዱላ ያቆመ የለም። ፎቶውን አማን አምና አንስቶታል፤ የጠፋው ቅርሱ ነው። ደብሬ ከጨዋታ ሲወጣ ክር አይመዘዝበትም፤ ደም አይነካውም፤ ላብ እንኳ ያልበዋል ብሎ ለመማል ያስቸግራል። ደብሬ የሌለበት የገና ካርድ ስብስብ ደግሞ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ደብሬ ደግሞ እህት አለችው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጠነክረው።

አማከለች ከይሁኔ ሱቅ ጎን ሩዝ መፈልፈያ ቤት ትሠራለች። አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች፤ ስለዚያ ስትጠየቅ «እሱ ተፈለፈለ፣ እኔ ቀረሁ» ብላ ታልፈዋለች። ማታ ከሥራ ስትወጣ የሩዝ ገለባ ትቢያ ጸጉሯን አልብሶት፣ ይሁኔ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ታራግፋለች። ራቅ ብላ ማራገፍ ትችል ነበር። ይሁኔም ትቢያውን መጥረግ ይችል ነበር፤ ግን አልጠረገውም። ወደዳት። ጨክኖ ነገራት። እሷም፣ «ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ሽማግሌ ላክ» አለችው።

የሚልከው ሽማግሌ ነው የቸገረው። ይሁኔ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ከስማዳ በአጎቱ ጀርባ ታዝሎ ወረታ የገባ ልጅ ነው። አጎትየው ብዙም አልቆየ። ልብስ ሰፊዎች ናቸው ከመኪናቸው ሥር አስተኝተው ያሳደጉት። አሁን ሱቅ አለው፣ ሙያ አለው፤ የእገሌ ልጅ የሚለው ግን የለውም። የአማከለች እናት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ደግሞ፣ ስሙን ገና ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ። «የማን ልጅ ነው?»

ይኼ ጥያቄ ኅዳርን ሙሉ እንቅልፍ ነሳው።

በዚህ መሃል አማከለች የወንድሟን ቁምጣ ልታስጠግን አመጣች። አረንጓዴ ካኪ ናት፤ መቀመጫዋ ላይ ተቀድዳለች።

«ምን ቀደዳት?» አለ ይሁኔ፣ እንዲያው ለወሬ።

«አምና በገና፣ እሩር ተከትሎ የእሾህ አጥር ሲዘል» አለችው። «ዓመቱን ሙሉ በጋቢ እየሸፈነ ነው የለበሳት።»

ይሁኔ ቁምጣዋን እንደ ጽላት በሁለት እጁ ተቀበላት። እሷ ስትወጣ ለብቻው ሳቀ። ከመጣፉ በፊት የተበጫጨቀውን ጠርዝ መከርከም ግድ ነው፤ የተከረከመ ብጣሽ ደግሞ ዱሮም የሰፊው ነው፤ በየትኛውም ልብስ ሰፊ ቤት ሕጉ ይኸው ነው። ሆኖም ብጣሿን ኪሱ ከመክተቱ በፊት ግራ ቀኙን አየ። ሰው የራሱን ነገር ሲወስድ ግራ ቀኝ አያይም፤ ይኼን እሱም ያውቀዋል።

የደብሬ ካርድ ከሁሉም አምሮ ወጣ። ደብሬ ዱላውን ሰቅሎ፣ ከጎኑ የቁምጣው መቀመጫ በክብር ታሽጎ፣ ከኋላው ለሱ ብሎ ያቆየው «፩» በቀይ ቀለም ተጽፎበት። ይሁኔ ይህንንና የፈረንጁን ካርድ ከሌሎቹ ለይቶ፣ ያልሸጠው ግራጫ ኮት ደረት ኪስ ውስጥ አኖራቸው። ወጣ ባለ ቁጥር ኮቱን ይለብሳል፤ በሄደበት ሁሉ ደረቱን ነካ ነካ ያደርጋል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሽማግሌ ተገኘ። የእድሩ ዳኛ አያ የኔነህ፣ «ልጄ ባትሆንም እንደ ልጄ ነህ» ብለው ተነሱ፤ አማን ሁለተኛ ሆነ። ሊሄዱ ሲሉ ግን የአያ የኔነህ ኮት ክርኑ ላይ ነትቦ ታየ። ልብስ ሰፊ ሽማግሌውን በነተበ ኮት ይልካል? ይሁኔ ግራጫውን አውልቆ አለበሳቸው። ልክ ሆነላቸው። በደስታ ሰክሮ ስለነበር ኪሱን አልፈተሸም፤ በሕይወቱ ኪስ ሳይፈትሽ ያሳለፈው ኮት ይኸው አንዱ ነው።

አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ነውር ነው። ይሁኔ ከመንደሩ ወዲህ፣ የመስኖው ቦይ ዳር ጋሪ ይዞ ቀረ። ፈረሱ ግራምጣ እየጋጠ፣ እሱ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ውሻ ጮኸ። ቀጥሎ አማን ብቅ አለ፤ እየሮጠ። ከኋላው አያ የኔነህ ኮታቸውን ሰብስበው፣ በዕድሜያቸው በማያምር ፍጥነት ይመጣሉ።

«ጋሪውን አዙር!» አለ አማን።

ነገሩን የነገሩት መንገድ ላይ ነው። እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አያ የኔነህ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የማን ልጅ ነው አለች። አያ የኔነህ ላብ አጠመቃቸውና መሐረብ ፍለጋ ደረት ኪሳቸውን ገቡ። የወጣው መሐረብ አልነበረም። ካርዶቹ ሸርተት ብለው ከሴትዮዋ እግር ሥር፣ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ወደቁ።

«ማንበብ አታውቅም» አለ አማን፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ልጇን ግን አወቀችው። ቀጥላ ጨርቋን አወቀቻት። ‹ይህችን ቁምጣ ኸይፋግ ገበያ የገዛሁለት እኔ ነኝ› አለች። ገለበጠችው። ቀይ ቀለም! የግዕዝ ቁጥር! በል እንግዲህ አስበው። የልጇ መልክ፣ የልጇ ልብስ፣ የደብተራ ቀለም፣ ሁሉ ባንድ ላይ በላስቲክ ታሽጎ ከሽማግሌ ኪስ ወጣ። ይኼ መተት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«የፈረንጁስ?»

«እሱንማ አይታ አዘነችለት። ‹ይሄስ ምስኪን ምን አድርጎት ነው ያሰረው?› አለች። ከዚያ ውሻውን ፈታችው።»

አያ የኔነህ እስከ ከተማው ድረስ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «ኮትህን ውሰድ» አሉት።

የፈረንጁን ካርድ አማን ተሻምቶ አንስቶታል። የደብሬ ግን እዚያው በወይዘሮዋ እጅ ቀረ። ይሁኔ ሱቁን ዘግቶ ተቀመጠና ከልቡ አዘነ። የአማከለችን ነገር በገዛ መቀሱ ቆርጦ ጣለው፤ ለጥፍር የምታክል ካኪ ብሎ።

እንዳይበቃው በሦስተኛው ቀን ደብሬ ታመመ። ፎገራ ላይ በዚያ ወራት ሰው ቢታመም ወባ ነው፤ አንቀጠቀጠው፣ አስመለሰው፣ ጣለው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ውጦ በሳምንቱ ተነሳ። እናቱ ግን ክኒኑ ያስተኛዋል እንጂ አይፈታውም አለች። ገና ደርሷል፤ ልጄ ታስሮ እንዴት ይጫወታል አለች። መንደሩም ተስማማ።

ካርዱን የመፍታቱ ነገር ግን ቀላል አልሆነም። አማከለች ማታ ማታ ይሁኔ በር ላይ ነጠላዋን እያራገፈች ወሬውን ትነግረዋለች፤ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ዓይኗ ግን አልፎ አልፎ እንባ ያቀር ነበር። እናትየው በመቀስ ልትከፍተው አስባ፣ መቀሱ በልጇ አንገት በኩል የሚያልፍ ሆነባትና ጣለችው። በእሳት እንዳታቃጥለው የልጇ መልክ ነው። ዞሮ ዞሮ ጠበል ወሰደችው። ቄሱ ጸልየው ሦስት ጊዜ ነከሩት። ካርዱ ሦስቱንም ጊዜ ተንሳፍፎ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይዝ፣ ደብሬም ዱላውን እንደሰቀለ፣ ደረቁን ወጣ።

«ጠበሉ እንኳ አልነካውም!» ብላ ጮኸች አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል።

ቄሱም ግራ ገብቷቸው፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው አሰናበቷት።

በማግስቱ መልእክት መጣ። ልብስ ሰፊው ራሱ ይምጣ።

ይሁኔ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ብቻውን ሄደ። ወይዘሮዋ ደጃፏ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ካርዱ ጭኗ ላይ ነው። ደብሬ ጋቢ ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል። አማከለች ከበሩ ውስጥ ቆማለች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ይሁኔ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነስቶ።

«ለምን አሰርከው?»

ይሁኔ ነገሩን ከሥሩ ነገራት፤ ፈረንጁን፣ የአማንን ጥርስ፣ በቅሎዋን ሳይቀር። ደብሬ በጋቢው ውስጥ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወባው አልነበረም። «አልዋሽዎትም» አለ ይሁኔ በመጨረሻ። «ብጣሿ የሰፊ ናት። ግን ሳልጠይቅ ወሰድኳት። ልጅዎን ክፉ ተመኝቼለት አይደለም። እንደሱ መሆን ተመኝቼ ነው።»

ሴትዮዋ ብዙ አየችው።

«እሺ» አለች። «ኸሆነም የልጄ መልክና ልብስ ባንተ እጅ ነበር። ያንተን ደግሞ ለኔ አምጣ። ፎቶህን፣ ጸጉርህን፣ ኸልብስህም ቁራጭ። እኔም ይዤህ ልቀመጥ። ልጄን አንድ ነገር ቢነካው የማደርግህን አውቃለሁ።»

ይሁኔ ዓይኑ በደስታ በራ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። «አይሆንም፣ እማማ።»

«ምነው? ፈራህ?»

«አልፈራሁም። ሕግ አለው። ካርዱ ውስጥ የሚገባው ነገር ሜዳ ላይ የዋለ መሆን አለበት። እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ያለዚያ ካርዱ ሐሰት ይሆናል፤ ሐሰት ይዤ እርስዎ ዘንድ አልመጣም።»

አማከለች ከበሩ ውስጥ ግንባሯን በእጇ መታች። ሰውዬው ሚስት ሊያገኝ ተቀምጦ ስለ ካርድ ሕግ ይከራከራል! እናትየው ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይኼ መልስ ደስ አላት። ሐሰተኛ ደብተራ እንዲህ አይከራከርም።

«ታዲያ ተጫወታ!» አለች። «ኸደብሬ ጋር፣ ኸኛ ወገን።»

ደብሬ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ፣ «ፎቶዬ ግን አምሮብኛል አይደል?» አለው በሹክሹክታ።

የገና ዕለት ሜዳው ከብቱንም ሰዉንም ችሎ ደመቀ። ከተሜዎቹ በአንድ ወገን፣ የሜዳው ሰዎች በሌላ። ይሁኔ ግራጫ ኮቱን እንደለበሰ፣ ዱላ ይዞ ከደብሬ ጎን ሲቆም፣ ከከተሜዎቹ መሃል ጉርምርምታ ተነሳ። አማን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ስለ ይሁኔ አጨዋወት ጥሩ ነገር ብናገር ይሁኔ ራሱ ይታዘበኛል። እሩሯን አንዴም አልነካት። መሬት መታ፤ አየር መታ፤ የገዛ ቁርጭምጭሚቱን መታ። እንዲያውም አንድ ጊዜ እሩሯ ራሷ መጥታ ግንባሩን መታችው፤ አማከለች ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አሰረችለት፤ ሕዝብ እያየ። እሱም ከዚያ ወዲያ ሕመም አልተሰማውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እሩሯ በከተሜዎቹ ድንበር አጠገብ፣ በግርግሩ መሃል ቆመች። ሁሉም ከበቧት። ደብሬ ወባው አድክሞት ከኋላ ቀርቷል። ይሁኔ ሮጦ ደረሰና ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሳ።

ከተሜዎቹ ያችን አነሳስ ያውቋታል። «ሽሹ!» ብሎ የጮኸው አማን ነው። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንደ ወፍ መንጋ ተበተኑ። ይሁኔ ሰነዘረ፤ ሳተ፤ በራሱ ጉልበት ዞሮ የእሾህ አጥር ላይ ወደቀ፤ የኮቱ እጅጌ ተተረተረ። ባዶ በቀረው ሜዳ ላይ ደብሬ እየተራመደ፣ አዎ እየተራመደ፣ መጣና እሩሯን በአንዲት ምት ከድንበሩ አሳለፋት።

የሜዳው ሰዎች ደብሬን ሊሸከሙ ሮጡ። ደብሬ ግን አጥሩ ጋ ሄዶ ይሁኔን ከእሾህ ውስጥ ሲያወጣው፣ ሁለቱንም ተሸከሟቸው።

ካርዱ በማግስቱ ተሠራ። ይሁኔ ግንባሩ በነጠላ እንደታሰረ፣ ከጎኑ አንዲት ጸጉርና የግራጫው ኮት ብጣሽ። ከኋላው ቁጥር አልጻፈበትም፤ ስንተኛ ነኝ ይበል? ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ተቀበለችው፤ በጣቷ ዳበሰችው፤ አንገቷ ላይ በምታንጠለጥላት የቆዳ ከረጢት ውስጥ ከደብሬ ጋር ከተተችው።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ዳግመኛ ሄደ። አያ የኔነህ በዚህ ጊዜ የገዛ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ስለ ስማዳም ረጅም ንግግር አጥንተዋል። አልተጠየቁም። ሴትዮዋ ደረቷ ላይ ያለችውን ከረጢት ነካ አድርጋ፣ «ተቀመጡ» አለቻቸው።

ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ሆነ። በመልሱ ዕለት፣ እንግዳው ሳሳ ሲል፣ ይሁኔ ከአማቱ አጠገብ ተጠግቶ ተቀመጠ። የሚፈልገውን ታውቃለች። ሱስ አይደበቅም። ከረጢቷን ፈታችና ካርዶቹን ጭኗ ላይ ደረደረቻቸው። ደብሬ አለ። አማከለች አለች፤ አማን በሰርጉ ዋዜማ ያነሳት ፎቶ፣ ከጎኗ ያችው የይሁኔ ግንባር የታሰረባት የነጠላ ክር፤ እናትየው ራሷ ፎቶ ቤት ድረስ ሄዳ ያሠራችው ነው። በሁለቱ መሃል ይሁኔ አለ።

«ያው ደብሬ» አለችው። «ጠንቋይ እንዳልሆንክ አይቻለሁ። ውሰደው፤ ኸጓደኞቹ ጋር አስቀምጠው። ያንተንም እንካ። መያዣ ነበር፤ ነገሩ ካለቀ መያዣ ለባለቤቱ ይመለሳል።»

ይሁኔ ሁለቱን ካርዶች አነሳ። የደብሬን ስንት ወራት ሲያልመው ኖሯል። ያለሱ ስብስቡ ጎደሎ ነው። ዓይኑ የሄደው ግን ወደ ራሱ ካርድ ነው። ጠርዙ ከመነካት ብዛት ሟሽሿል፤ ላስቲኩ በአውራ ጣት ተሽቶ ደብዝዟል። ይህን ያህል ወራት አንድ ሰው እያወጣ ያየው ነበር ማለት ነው። እሱ የስንቱን ጥርስና ክር ሲሰበስብ፣ የሱን አንዲት ጸጉር አስቀምጦ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ሁለቱንም ካርዶች ወደ ጭኗ መለሳቸው። የራሱን እንደነበረው፣ በእህትና በወንድም መሃል አደረገው።

«አይ፣ እማማ» አለ። «እኔም ደብሬን አልፈታውም፤ እርስዎም እኔን አይፍቱኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አየችው። ሦስቱን ሰብስባ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች፣ አፏን አጥብቃ ቋጠረችና ወደ ደረቷ መለሰቻት።

«በል እንግዲህ ብላ» አለችው። «ልጄ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።»